የወታደሩ ጥፋትና የነጋዴው ኪሣራ

ንግድ ሒሳብን የሚጠይቅ ሥራ ነው። አስተዋይ ነጋዴ ገንዘቡን በዕቃ ከመለወጡ አስቀድሞ የዕቃውን ዋጋ፣ የጉምሩኩን ቀረጥ፣ የመኪናውንና የመጋዘኑን ኪራይ፣ የባንኩንም ወለድ ይደምራል፤ ከዚያም በኋላ የሚያገኘውን ትርፍ ይገምታል። የቡና ዋጋ በውጭ አገር ገበያ ቢወርድ፣ መርከብ ከቀጠሮው ቀን ቢዘገይ፣ ክረምቱ መንገድ ቢቆርጥ፣ ይህ ሁሉ ከንግድ ጋራ አብሮ የሚኖር ነውና ቀድሞ ያሰበበት ሰው ይችለዋል። ነገር ግን በብዙ ነጋዴዎች መዝገብ ላይ ምንም ቦታ ያልተዘጋጀለት አንድ ዐይነት ኪሣራ አለ። ይኸውም የጦር ሠራዊት ባልደረባ የሆነ ሰው በሰላም ጊዜ፣ በመኪና ወይም በመሣሪያ፣ ሳያስበው በሌላው ሰው ሕይወትና ንብረት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ነው።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይሻላል። አንድ የጅማ ነጋዴ ለላኪ ሊያስረክብ የተዋዋለውን ቡና በጭነት መኪና አስጭኖ ወደ አዲስ አበባ ይሰዳል እንበል። መኪናው የጊቤን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ወልቂጤ የሚያወጣውን ዳገት በመውጣት ላይ ሳለ፣ ከላይ የሚወርድ የጦር ሠራዊት መኪና መሥመሩን ለቆ ይገጨዋል። ነጂው ይሞታል፤ የረዳቱ እግር ይሰበራል፤ ጆንያው ተቀድዶ ቡናው በገደሉ ይበተናል። በማግሥቱ ላኪው ውሉ እንዲፈጸምለት ይጠይቃል፤ ባንኩ ብድሩን ይጠይቃል፤ የነጂውም ሚስት ልጆቿን ይዛ ከነጋዴው ደጅ ትቆማለች። ሦስቱም የሚጠይቁት ተገቢ ነው። ነጋዴውስ ማንን ይጠይቅ?

የገጨው መኪና የሌላ ነጋዴ ቢሆን ኖሮ መልሱ ቀላል ነበር፤ ባለ መኪናው ወይም የመድን ድርጅቱ ይጠየቃል። የጦር ሠራዊት መኪና በሆነ ጊዜ ግን ብዙ ሰው «ከመንግሥት ጋራ ምን ክርክር አለ» ብሎ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ለዚህም የቆየ ምክንያት አለው፤ አባቶች «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» ሲሉ ኖረዋልና። ይሁን እንጂ ይህ አባባል ዛሬ ሕግ አይደለም። ሕጉ ለተጎዳው ሰው በር ከፍቶለታል፤ በሩን ሳያንኳኳ የሚመለስ ሰው ኪሣራው የገዛ ራሱ ነው። ከዚህም በላይ ሕጉ አንድ ያልተደፈነ ቀዳዳ አለው፤ እርሱንም መድፈን ለነጋዴው ብቻ ሳይሆን ለሠራዊቱም ክብር የሚበጅ ነው።

መንግሥት አይጠየቅም የሚለው አሳብ የኢትዮጵያ ብቻ አልነበረም። በእንግሊዝ አገር «ንጉሥ ጥፋት አይሠራም» የሚለው ደንብ ለብዙ ዘመን ጸንቶ ቆይቷል፤ ዘውዱ በሠራተኞቹ ጥፋት ለደረሰ ጉዳት በፍርድ ቤት እንዲጠየቅ የፈቀደው ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1947 ነው። በአሜሪካም ቢሆን በመንግሥት ሠራተኛ የተጎዳ ሰው ካሣ ለማግኘት ለርሱ ብቻ የሚሆን ልዩ ሕግ እንዲወጣለት ምክር ቤቱን ይማጸን ነበር። ይህም መብትን እንደ ችሮታ መለመን ነው፤ ዘመድና አማላጅ ያለው ያገኛል፣ የሌለው ይቀራል።

የአሜሪካ መንግሥት ይህን ልማድ እንዲተው ካስገደዱት ነገሮች አንዱ የጦር ኃይል አደጋ ነበር። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 28 ቀን 1945፣ ጧት፣ ጉም በሸፈነው የኒውዮርክ ከተማ ላይ ይበር የነበረ ቢ-25 የተባለ የጦር አውሮፕላን ኢምፓየር ስቴት ከተባለው ረጅም ሕንፃ ጋራ ተላተመ። የተመታው በ79ኛው ፎቅ አካባቢ ነበር። ሦስቱን የአውሮፕላኑን ሰዎች ጨምሮ 14 ሰዎች ሞቱ፤ በሕንፃው ውስጥ የሞቱት 11 ሰዎች በዚያ ቅዳሜ ጧት በሥራቸው ላይ የነበሩ ሰላማውያን ሰዎች ነበሩ። ለብዙ ዓመታት ሲንከባለል የነበረው ረቂቅ ሕግ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2 ቀን 1946 ጸደቀ። መንግሥትም በሠራተኞቹ፣ በወታደሮቹም ጭምር፣ ቸልተኝነት ለሚደርሰው ጉዳት እንደ ግል ሰው በፍርድ ቤት እንዲጠየቅ ተፈቀደ። ሕጉ ከጥር 1 ቀን 1945 ጀምሮ የደረሰውን ጉዳት እንዲጨምር ወደ ኋላ ተመልሶ ተጻፈ፤ ስለዚህም የሕንፃው ተጎጂዎች ከውጭ አልቀሩም። በጦርነት ጊዜ ከውጊያ የተነሣ ጉዳት ግን ከሕጉ ውጭ እንዲሆን ተደረገ። ይህም ልዩነት አስተዋይነት ያለበት ነው፤ የጦር ሜዳ ሌላ ነው፣ የሕዝብ መንገድ ሌላ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከኢጣሊያ ነው። እ.ኤ.አ. የካቲት 3 ቀን 1998 አንድ የአሜሪካ ባሕር ወለድ ሠራዊት የጦር አውሮፕላን በሰሜን ኢጣሊያ፣ ካቫሌዜ በተባለች የተራራ ከተማ አጠገብ፣ ለልምምድ ከተፈቀደለት ከፍታ በታች ሲበር ሰዎችን ወደ ተራራው የሚያወጣውን በገመድ የሚሄድ መጓጓዣ ገመድ በጠሰው። በውስጡ የነበሩት 20 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። አብራሪው በአገሩ ወታደራዊ ችሎት በሰው መግደል ተከስሶ እ.ኤ.አ. በ1999 ከዚህ ክስ ነጻ ወጣ። ብዙ ሰው በፍርዱ አዘነ። ይሁን እንጂ አብራሪው ነጻ መውጣቱ የሟቾችን ወገኖች ካሣ አላስቀረም። የኢጣሊያ መንግሥት በዚያው ዓመት ለእያንዳንዱ ሟች ወገን ወደ 1.9 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ካሣ እንዲከፈል በሕግ ወሰነ። እ.ኤ.አ. በ1951 በሎንዶን የተፈረመው የሰሜን አትላንቲክ አገሮች ውልም እንዲህ ያለው ዕዳ በእንግዳው ሠራዊት ብቻ የመጣ እንደ ሆነ ሠራዊቱን የላከው አገር 75 በመቶ፣ የተቀበለው አገር 25 በመቶ እንዲችል አስቀድሞ ወስኖ ነበር።

ከነዚህ ሁለት ታሪኮች ለነጋዴ የሚጠቅሙ ሦስት ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛ፣ ካሣ መክፈል ሠራዊትን አያዋርድም፤ ከሁሉ የበለጠ ኃይል ያለው መንግሥት በፍርድ ቤት ለመቆም ራሱ ፈቅዷል። ሁለተኛ፣ ካሣ ቅጣት አይደለም፤ ወታደሩ ይቀጣ ወይስ አይቀጣ የሚለው አንድ ጥያቄ ነው፣ የተጎዳው ይካስ ወይስ አይካስ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ሦስተኛ፣ ሟቹን የሚያለቅስ ቤተ ሰብ ደመወዙ ጥቂት የሆነውን ወታደር ለብቻው እንዲያሳድድ አልተፈረደበትም።

ወደ ኢትዮጵያ ሕግ ስንመለስ ነገሩ ብዙዎች እንደሚያስቡት ጨለማ አይደለም። በሬኔ ዳቪድ፣ በፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ፣ ረቂቅነት ተዘጋጅቶ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በአላፊነት እንዳይከሰሱ በቁጥር 2137 ደንግጎ ነበር። ነገር ግን መንግሥትን ከንጉሡ ለየው። በቁጥር 2126 ላይ የመንግሥት ሠራተኛ በጥፋቱ ጉዳት ያደረሰ እንደ ሆነ ራሱ ካሣ እንደሚከፍል፣ ጥፋቱም የሥራ ጥፋት ከሆነ የተጎዳው ሰው መንግሥትንም ሊጠይቅ እንደሚችል፣ መንግሥትም የከፈለውን ከአጥፊው ሊያስመልስ እንደሚችል ተጻፈ። ጥፋቱ የግል ጥፋት የሆነ እንደ ሆነ ግን መንግሥት አላፊ አይደለም። ሕጉ ወታደርን ለይቶ ከዚህ ደንብ አላወጣውም።

የሥራ ጥፋት ምንድን ነው? ቁጥር 2127 ይመልሳል። አጥፊው በሥልጣኑ ክልል ውስጥና ለመንግሥት ጥቅም የሚሠራ መሆኑን በቅን ልቦና አምኖ የሠራው ጥፋት የሥራ ጥፋት ነው፤ ከዚህ የቀረው የግል ጥፋት ነው። ቅን ልቦናም ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ እንዳለ ይቆጠራል። ይህ የመጨረሻው ቃል ለተጎዳው ሰው ትልቅ ጥቅም አለው፤ የወታደሩን ልብ መርምሮ የማስረዳት ሸክም በርሱ ላይ አልተጫነምና።

ይህ የሥራና የግል ጥፋት መለያየት ከፈረንሳይ የመጣ ሲሆን መነሻው ራሱ የጦር ሹም ጉዳይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1873 በጦር አስተዳደር ሥር በነበረ አውራጃ አንድ ጄኔራል ጋዜጣ እንዲወረስ አዘዘ፤ የጋዜጣው ባለቤትም ጄኔራሉን ከሰሰ። ጉዳዩን የመረመረው ሸንጎ የሹሙን የግል ጥፋት ከመንግሥቱ ሥራ ጥፋት ለይቶ አየ፤ ከዚያ ወዲህ ሊቃውንት በዚህ መሥመር ሲከራከሩ ኖረዋል። እንግዲህ ገና ከመጀመሪያው ከሳሹ በሥራው ላይ እክል የደረሰበት ባለ ጋዜጣ፣ ተከሳሹም ወታደር እንደ ነበሩ ልብ ይሏል።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሁለተኛ በርም አለው። በቁጥር 2081 መሠረት የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት አላፊ ነው፤ መኪናውን የነዳው ሰው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ቢሆን እንኳ ባለቤቱ ከአላፊነት አይድንም። የሚድነው በአደጋው ጊዜ መኪናው ተሰርቆበት እንደ ነበረ ያስረዳ እንደ ሆነ ነው። ይህ ቁጥር ባለቤቱ ነጋዴ ይሁን፣ ገበሬ ይሁን፣ መንግሥት ይሁን አይለይም። ስለዚህ በጊቤው ምሳሌ ወታደሩ በትእዛዝ ሲሄድ ነው ወይስ ለግል ጉዳዩ ሲጋልብ ነው የሚለው ክርክር ከመነሣቱ በፊት፣ መኪናው የማን ነው ብሎ መጠየቅ ይቀላል። መኪናው የመንግሥት ከሆነ ባለቤቱ ይታወቃል።

እዚህ ላይ ግን ነጋዴው ራሱን ማታለል አይገባውም። ሁለት መኪናዎች በተጋጩ ጊዜ ቁጥር 2084 ሁለቱም ለአደጋው እኩል ምክንያት እንደ ሆኑ ይቆጥራቸዋል፤ ጥፋቱ የአንደኛው ነጂ መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር እያንዳንዱ ባለቤት የጠቅላላውን ጉዳት ግማሽ ይችላል። ስለዚህ «እኔ ትክክል ነበርኩ» ማለት አይበቃም፤ ማስረዳት ያሻል። ፍሬኑ ያልተጠገነ፣ ከመጠን በላይ የጫነ መኪና ያሰማራ ነጋዴ በሌላው ጥፋት ላይ ጣቱን ሲቀስር የገዛ ራሱ ጥፋት ይመሰክርበታል።

ቀዳዳው ያለው መኪና በሌለበት ነገር ላይ ነው። አንድ ወታደር ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ የታጠቀውን የመንግሥት መሣሪያ በሱቅ ደጅ ሲነካካ ጥይት ቢያመልጠውና ባለ ሱቁን ቢያቆስል፣ ይህ የሥራ ጥፋት ነው ለማለት ይከብዳል። መንግሥት የግል ጥፋት ነው ብሎ ከተከራከረና ከረታ፣ ለባለ ሱቁ የሚቀረው ወታደሩ ብቻ ነው። ወታደሩም እስር ቤት ገብቶ ደመወዙ የቆመ እንደ ሆነ፣ የተፈረደለት ካሣ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። እንዲህ ያለው ባለ ሱቅ በፍርድ አሸንፎ በኑሮው የተሸነፈ ነው።

አሜሪካ ይህን ቀዳዳ ቢያንስ ለባዕድ አገር ሰዎች ደፍናዋለች። እ.ኤ.አ. በጥር 1942 በወጣው ሕግ፣ ሠራዊቷ በሰፈረበት አገር የሚኖር ሰው ከወታደሮቿ በአንዱ ጉዳት የደረሰበት እንደ ሆነ፣ ወታደሩ በሥራ ላይ ይሁን አይሁን ሳይለይ፣ ከውጊያ የመጣ ካልሆነ በቀር፣ የካሣ ጉባኤ መርምሮ እንዲከፍለው ተፈቀደ። የሕጉ ምክንያት ርኅራኄ ብቻ አልነበረም፤ ሠራዊት በሰፈረበት አገር የሕዝቡን ወዳጅነት ያጣ እንደ ሆነ ሥራው እንደሚከብደው ስለ ታወቀ ነው። ለባዕድ ሕዝብ የታሰበው ነገር ለገዛ ወገን ቢታሰብ እንዴት ይበዛል?

በዚህ አሳብ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ። አንደኛው፣ የሠራዊቱ ገንዘብ ለአገር መከላከያ እንጂ ለካሣ አይደለም የሚለው ነው። ነገር ግን ካሣው በመንግሥት ባይከፈል ኪሣራው ከምድር አይጠፋም፤ በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ይወድቃል እንጂ። በጥንት ዘመን ወታደር በየሰፈረበት ከባላገሩ ቤት እየገባ ይመገብ ነበር፤ ጎተራው የሚራቆተው ወታደሩ የገባበት ባላገር ነበር። ዐፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1892 ገደማ ዐሥራት እንዲሰበሰብና ወታደሩ ከዚያ እንዲቀለብ ያደረጉት፣ የሁሉ ጠባቂ የሆነውን ሠራዊት ሁሉም በየድርሻው እንዲሸከመው ነው። የአደጋ ካሣም እንደዚሁ ነው። ለሺህ ግብር ከፋይ አንዲት ሣንቲም የሆነው ሸክም ለአንድ ባለ ሱቅ የቤቱ መፍረስ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ መንግሥት ሁሉን የሚከፍል ከሆነ ወታደሩ ይዘናጋል የሚለው ነው። መልሱ በሕጉ ውስጥ አለ፤ መንግሥት ከፍሎ ከአጥፊው ያስመልሳል። ደመወዙን የሚይዘው፣ ማዕርጉን የሚሰጠውና የሚነሣው፣ ዲሲፕሊኑን የሚያስከብረው መንግሥት ስለ ሆነ፣ ከባለ ሱቁ ይልቅ ወታደሩን መቆጣጠር የሚችለው እርሱ ነው። እንዲያውም ስለ እያንዳንዱ ግድየለሽ ነጂ ሒሳብ የሚጠየቅ አዛዥ በሚቀጥለው ጊዜ የመኪናውን ቁልፍ ለማን እንደሚሰጥ ያስባል።

ሦስተኛው፣ መንግሥት ወታደሩ በመጠጥ ቤት ለሚጣላው ጠብ ሁሉ ዋስ ሊሆን ነውን የሚለው ነው። አይደለም። በጡጫ የተማታ ወታደር እንደ ማንኛውም ሰው ራሱ ይጠየቅ። መንግሥት አስቀድሞ መክፈል የሚገባው ጉዳቱ የደረሰው ራሱ ባስታጠቀው መሣሪያ ወይም ራሱ በሰጠው መኪና በሆነ ጊዜ ነው። አደገኛውን ዕቃ በሰው እጅ ያኖረ ሰው ዕቃው ላመጣው ነገር ይመልሳል፤ ይህ ለነጋዴም የሚሠራ ደንብ ነው፣ ለመንግሥትም ሊሠራ ይገባል።

ሕግ እስኪሻሻል ድረስ ግን ነጋዴው በእጁ ያለውን መብት ይጠብቅ። አደጋ በደረሰ ጊዜ የመኪናውን ታርጋ፣ ሰዓቱንና ቦታውን ያስመዝግብ፤ የትራፊክ ፖሊስ ሳያይ መኪናዎቹ እንዳይነሡ ይጠይቅ፤ በስፍራው የነበሩትን ምስክሮች ስም ይያዝ። የዕቃውን ዋጋ የሚያስረዳ ደረሰኝ፣ የጭነት ወረቀትና ውል በአንድ ላይ ያኑር፤ በቃል የተገመተ ኪሣራ በዳኛ ፊት ክብደት የለውምና። የሞተውን ወይም የቆሰለውን ሠራተኛ ደመወዝ የሚያሳየውን መዝገብም አይርሳ፤ የነጂው ሚስትና ልጆች መብት በዚያ መዝገብ ላይ ይመሠረታልና። ከሁሉም በላይ ቀኑን ይቁጠር። ቁጥር 2143 የካሣ ጥያቄ ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ እንዳለበት ይወስናል። የወንጀሉ ይርጋ ረዘም ባለ ጊዜ ሌላ ደንብ ቢኖርም፣ በዚያ ተማምኖ መተኛት አይገባም። «ነገ ይጠሩኛል» እያለ በየቢሮው ደጅ ሲጠና ሁለት ዓመት ያለፈበት ሰው የሚወቅሰው ራሱን ነው። ወታደሩ በወንጀል ክስ ነጻ ቢወጣም ተስፋ አይቁረጥ፤ የፍትሐ ብሔር ዳኛ በወንጀሉ ፍርድ አይታሰርም።

የንግድ ምክር ቤትም በበኩሉ ሦስት ነገር ለሚመለከታቸው ባለሥልጣኖች ቢያቀርብ መልካም ይሆናል። አንደኛ፣ በሠራዊቱ መኪና ወይም መሣሪያ ለሚደርስ ጉዳት መንግሥት አስቀድሞ ለተጎዳው ከፍሎ፣ የሥራ ወይም የግል ጥፋት የሚለውን ሒሳብ ከወታደሩ ጋራ በኋላ እንዲተሳሰብ ሕጉ ይሻሻል። ሁለተኛ፣ የተጎዳ ሰው ማመልከቻውን የሚያቀርብበት አንድ የታወቀ ክፍልና መልስ የሚያገኝበት የተቈረጠ ቀን ይኑር፤ በስምምነት የሚያልቀው ጉዳይ ፍርድ ቤት ሳይደርስ ይለቅ። ሦስተኛ፣ አደጋው በደረሰበት ስፍራ የሠራዊቱ ሹም የነጂውን ክፍልና የመኪናውን ቁጥር የሚገልጽ ማስረጃ ለተጎዳው ወገን በጽሑፍ የመስጠት ግዴታ ይኑርበት። ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ፈቃድ ነው።

ወታደር ድንበር የሚጠብቀው ነጋዴው በሰላም ወጥቶ እንዲገባ ነው። ነጋዴውም በሚከፍለው ግብር ወታደሩን ያለብሳል፣ ያበላል። በሁለቱ መካከል ጠብ የለም፤ ሊኖርም አይገባም። ጠብ የሚዘራው ያልተከፈለ ካሣና ያልተመለሰ ማመልከቻ ነው። በዚህ አገር ሁለት ሰዎች በመንገድ ሲጣሉ አንዱ «በሕግ አምላክ» ካለ ሌላው እጁን ይሰበስባል፤ ወራጅ ውኃ እንኳ በዚህ ቃል ይቆማል ይባላል። ወራጅ ውኃን ያቆማል የተባለው ቃል ከዳገት የሚወርደውን የሠራዊት መኪናም ሊያቆም ይገባል፤ ሳያቆመው የቀረ እንደ ሆነም የነጂው ሚስት ከነጋዴው ደጅ ብቻ ሳይሆን ከመንግሥትም ደጅ ቆማ፣ ሳትለማመጥ፣ መብቷን ተቀብላ እንድትመለስ ሊያደርግ ይገባል።